የደጅ ገላጋዮች፤ በወረርሽኝ ዘመን የሰው ደም እንዳይፈስ ስለ ደከሙ ሰዎች

አባቶቻችን ስለ ጠብና ስለ ዕርቅ ሲመክሩ «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ብለዋል። ይህም ማለት ነገር ገና ትኩስ ሳለ፥ ቂምም በልብ ውስጥ ሥር ሳይሰድ፥ ሰው በመካከል ገብቶ ሊያበርደው ይገባል ማለት ነው። ዳሩ ግን ገላጋይ በመካከል የሚገባው ቀርቦ ነው፤ ክንድ ይዞ፥ ትከሻ ደግፎ፥ ከልቅሶው ቤት ተቀምጦ፥ ከተቈጣው ሰው ጋራ አምሽቶ ነው። እንግዲህ ሰው ወደ ሰው እንዳይቀርብ የሚከለክል በሽታ በመጣ ጊዜ ገላጋይ ምን ያድርግ? ርቆ ቢቆም እንዴት ያስታርቃል? ቀርቦስ በሽታን ወደ ሰው ቤት ቢያስገባ በደሉ የማን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም ላይ በተነሣበት በ2020 ዓ.ም. በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በየሌሊቱ መልስ የሚፈለግለት ጥያቄ ሆኖ ነበር። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የዚያን ዓመት ነገር፥ ይልቁንም በቺካጎ ከተማ የሆነውን ልናወራ አስበናል። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ቢሆንም እናትና ልጅ፥ ወንድምና ጎረቤት ያሉበት ነገር ነውና ቤተ ሰብ ያለው ሰው ሁሉ የሚያስተውለው ይመስለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጠብን እንደ በሽታ ስላዩት ሐኪም

ቺካጎ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የተሠራች፥ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህል ሕዝብ ያለባት ታላቅ ከተማ ናት። ሕንፃዎቿና ዩኒቨርሲቲዎቿ በዓለም የታወቁ ናቸው። ዳሩ ግን በምዕራብና በደቡብ በኩል ያሉት አንዳንድ ሰፈሮች፥ ይልቁንም ጥቁር አሜሪካውያን የሚበዙባቸው፥ ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ ወዲህ ሥራና ሀብት የራቃቸው ሆነዋል። ከወጣቶቹም ጥቂቶቹ በጭፍራ በጭፍራ ተከፍለው በሽጉጥ ይፈላለጋሉ። ጥቂቶች ናቸው ማለታችን ነገሩን ለማቃለል አይደለም፤ ጥቂቶች የተኰሱት ጥይት ብዙ ቤት ያስለቅሳልና።

ይህን ጠብ እንደ በሽታ መርምረው መድኃኒት ከፈለጉለት ሰዎች አንዱ ዶክተር ጋሪ ስለትኪን ናቸው። እኚህ ሐኪም አስቀድሞ በሳን ፍራንሲስኮ የሳንባ ነቀርሳን፥ ቀጥሎም በሶማሊያ በስደተኞች ሰፈር ነቀርሳንና ኮሌራን፥ ኋላም በዓለም የጤና ድርጅት ተቀጥረው በአፍሪካ የኤድስን በሽታ ሲከላከሉ ኖረው በ1995 ወደ ቺካጎ ተመለሱ። በዚያም የግድያውን መዝገብና ካርታ ሲመለከቱ በሌላ አገር ካዩት የወረርሽኝ ካርታ ጋራ የሚመሳሰል ሆኖ አገኙት። ግድያ በከተማው ሁሉ እኩል አይዘራም፤ በጥቂት መንገዶች ላይ ይከማቻል፤ አንዱ ሲወድቅ በዚያው አጠገብ ሌላው ይከተላል። የዛሬው ቍስለኛ ወንድም የነገ ተኳሽ ይሆናል፤ የነገው ተኳሽ ደግሞ ከነገ ወዲያ በተራው ሟች ይሆናል። ስለዚህ ዶክተሩ፥ ጠብ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ከሆነ እንደ ማናቸውም ተላላፊ በሽታ የሚጋባበትን መንገድ መቍረጥ ይቻላል ብለው አሰቡ።

ከዚህም በቀር በወረርሽኝ አገር ሳሉ አንድ ትልቅ ነገር ተምረው ነበር። ሕዝብ ሐኪም ስለ ነገረው ብቻ ልማዱን አይለውጥም። ስደተኛን የሚያሳምነው ስደተኛ ነው፤ እናትን የምታሳምናት እናት ናት። እንግዲያው በሽጉጥ የሚፈላለጉትን ወጣቶች ማን ያሳምናቸዋል ቢባል በዚያው መንገድ ላይ አድጎ የእነርሱን ኑሮ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። በዚህ ሐሳብ በ2000 ዓ.ም. ዌስት ጋርፊልድ ፓርክ በሚባለው የቺካጎ ሰፈር ሥራው ተጀመረ። በ2004 ደግሞ ቲዮ ሃርዲማን የተባሉት የሥራ ባልደረባቸው፥ ሥራቸው ጠብን በመካከል ገብቶ መቍረጥ ብቻ የሆነ ሰዎች እንዲሾሙ አደረጉ። እኛም በቋንቋችን «ገላጋዮች» ብንላቸው የሚስማማ ስም ነው።

የሥራው ሥርዐት ሦስት ነገር ነው።

1ኛ፤ ሊፈነዳ የተቃረበውን ጠብ አስቀድሞ ማወቅና ሳይፈነዳ ማብረድ።

2ኛ፤ ለመግደል ወይም ለመገደል እጅግ የቀረቡትን ጥቂት ሰዎች ለይቶ ማወቅ፥ ካወቁም በኋላ ሳይለቁ ተከታትሎ ወደ ሥራ፥ ወደ ትምህርትና ከሱስ ወደ መላቀቅ መርዳት።

3ኛ፤ ሰፈሩ በሙሉ ደም መመለስን እንደ ጀግንነት መቍጠሩን እንዲተው ማድረግ። ይኸውም ሰው በተተኰሰ ቍጥር ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ «ይህ ነውር ነው» እንዲል ነው።

አንባቢ ምናልባት «ትናንት ወንጀለኛ የነበረ፥ ታስሮም የተፈታ ሰው ዛሬ እንዴት አስታራቂ ይሆናል?» ይል ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነው። ቍጣ የያዘው ወጣት መኰንንም አይሰማም፥ መምህርም አይሰማም፤ «እኔም እንዳንተ ተቈጥቼ ነበር፤ ቍጣዬም ዐሥር ዓመት እስራት አስከፈለኝ፤ እናቴም እኔ እስር ቤት ሳለሁ ሞተች» የሚለውን ሰው ግን ይሰማል። ደግሞም ገላጋዩ ከሥራው ሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጠብቃል፤ በምስጢር የሰማውን ለፖሊስ አያቀብልም። ይህ ፖሊስን መናቅ አይደለም፤ የፖሊስ ሥራ ሌላ፥ የገላጋይ ሥራ ሌላ ነው። ወሬ አቀባይ ነው ተብሎ የተጠረጠረ ገላጋይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ የሚከፍትለት አያገኝም።

ወንበር ይዘው ስለ ወጡ እናቶች

ይህ ሥራ የወንዶች ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ኤንግልውድ በሚባለው የደቡብ ቺካጎ ሰፈር፥ በ75ኛው መንገድና በስቱዋርት መንገድ መጋጠሚያ ላይ አንዲት እናት በጥይት ተገደሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ታማር ማናሴ የተባሉ የልጆች እናት ደም መመለስ እንዳይከተል ፈርተው ሌሎችን እናቶች ሰበሰቡ፤ በዚያው ማዕዘን ላይ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። የጦር መሣሪያ አልያዙም፤ የያዙት ምግብ ነበር። ምግብ ያበስላሉ፥ ለሚያልፈው ሁሉ ይሰጣሉ፥ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ይጠይቃሉ። ስሙን የምታውቅ፥ ምሳውንም ያበላች እናት በምታይበት ቦታ ሽጉጥ መምዘዝ ለወጣት ይከብደዋልና።

ነገሩ አደጋ የሌለበት ነበር ማለታችን ግን አይደለም። በ2019 በጁላይ ወር፥ እናቶች ስለ ሰላም ይቀመጡበት በነበረው በዚያው ማዕዘን ላይ ሁለት እናቶች በጥይት ተገደሉ። የቀሩት ግን ስፍራውን አልለቀቁም። እኛም ይህን የምንጽፈው የዚህ ሥራ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

ሁለት ወረርሽኝ በአንድ ሰፈር

በማርች 11 ቀን 2020 የዓለም የጤና ድርጅት ኮሮናን የዓለም ወረርሽኝ ነው ብሎ ዐወጀ። በማርች 21 ቀን ቺካጎ ያለችበት የኢሊኖይ ግዛት ሰው ሁሉ ለአስፈላጊ ነገር ካልሆነ በቀር ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያዝዘው ትእዛዝ ጸና። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ሱቅና ምግብ ቤት ተዘጋ፤ የሐይቁ ዳር መናፈሻም ተዘጋ። ከዐሥር ሰው በላይ መሰብሰብ ስለ ተከለከለ ቀብርም በዐሥር ሰው ሆነ። በሐኪም ቤቶችም ጠያቂ እንዳይገባ ተከለከለ።

በሽታውም እንደ ጥይቱ ሁሉ ሰፈር መረጠ። በአፕሪል ወር መጀመሪያ በተነገረው ቍጥር፥ በቺካጎ ከተማ በኮሮና ከሞቱት ሰዎች ከመቶ 70 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከከተማው ሕዝብ ግን ጥቁሮቹ ከመቶ 30 ያህል ብቻ ናቸው። ምክንያቱም ከሰው የተሰወረ አይደለም። በቤቱ ተቀምጦ በወረቀትና በስልክ መሥራት የሚችለው ሌላው ነው፤ አውቶቡስ የሚነዳው፥ ሕመምተኛ የሚያጥበው፥ ዕቃ የሚሸከመው ግን በየቀኑ ወጥቶ ወደ ጠባብ ቤቱ ይመለሳል፤ በዚያም ቤት አያት፥ እናትና የልጅ ልጅ አብረው ያድራሉ። ስለዚህ ያው አንድ ሰፈር በሁለት ወረርሽኝ በአንድ ጊዜ ተያዘ።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት በሐሳባችን ወደ አንድ ቤት እንግባ። ይህ ቤት የማንም የታወቀ ሰው ቤት አይደለም፤ ለምሳሌ ብቻ የምናቆመው ነው። ታላቁ ልጅ ትናንት ማታ በጥይት ቈስሎ ሐኪም ቤት ተኝቷል። እናቱ ልታየው ሄዳ ከደጅ መልሰዋታል፤ ይዳን ይሙት የምታውቀው በስልክ ብቻ ነው። ታናሹ ልጅ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሥራ የለውም፤ አሠልጣኙንም መምህሩንም አያይም፤ ቀኑን ሁሉ የሚያየው የእጅ ስልኩን ነው። በስልኩም ላይ የወንድሙ ጠላቶች በወንድሙ ቍስል ሲስቁ ያያል። ጓደኞቹ «ዝም ልትል ነው?» እያሉ ይጽፉለታል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ በዚያች ሌሊት አጎቶች፥ ጎረቤቶችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤቱን ይሞሉት ነበር፤ ብላቴናው ሊወጣ ቢነሣ የሚይዘው እጅ ብዙ ነበር። አሁን ግን ቤቱ ባዶ ነው፤ ሌሊቱም ረዥም ነው።

እንግዲህ ወረርሽኙ የከለከለው መሰብሰብን ብቻ ሳይሆን ቍጣን የሚያበርደውን የሰው ብዛት ጭምር እንደ ነበረ እናስተውል።

ገላጋዮቹ ምን አደረጉ?

በአንዳንድ ከተሞች ባለ ሥልጣኖቹ ገላጋዮቹን እንደ ሐኪምና እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ከአስፈላጊዎቹ ሠራተኞች ቈጥረው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። እነርሱም ሥራቸውን እንደ ዘመኑ ለወጡት።

በመጀመሪያ በእጃቸው ይዘውት የወጡት ነገር የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፥ የእጅ ማጽጃና የምግብ ቅርጫት ነበር። ይህ ከጠብ ነገር የራቀ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ያለ ምክንያት ደጅ የሚያንኳኳ ሰው ያስፈራል፤ ለአያት መድኃኒትና ለልጆች ወተት ይዞ የመጣ ሰው ግን «ግባ» ባይባል እንኳ «ቆይ» ይባላል። በደጁም ላይ ስድስት ጫማ ርቆ ቆሞ «ልጁ እንዴት ነው? ማታ የት ያድራል? የሚያናድደው ሰው አለን?» ብሎ ለመጠየቅ ይችላል። እንዲህ ሆኖ የመሸፈኛው ጨርቅ ለሁለቱም ወረርሽኝ መከላከያ ሆነ።

ሁለተኛ፥ ስለ በሽታው የሚነዛውን የሐሰት ወሬ አከሸፉ። በዚያ ወራት «ይህ በሽታ ጥቁርን አይዝም» የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር። ከመንግሥት የሚወጣው ማስታወቂያ ይህን ወሬ ብቻውን ሊያጠፋው አልቻለም፤ በሰፈሩ የታመነ ሰው ግን «እኔ ያንተ ጎረቤት ነኝ፤ እገሌን ያጣነው በዚህ በሽታ ነው» ባለ ጊዜ ወጣቱ አመነው። ዶክተር ስለትኪን ከስደተኞች ሰፈር ያመጡት ትምህርት፥ ሰውን የሚያሳምነው የገዛ ሰው ነው ማለት፥ ዞሮ ለተላላፊ በሽታ ተመለሰ።

ሦስተኛ፥ በስልክ ላይ የሚነሣውን ጠብ በስልክ ተከተሉት። ስድብና ዛቻ ከመንገድ ወደ ማኅበራዊ መገናኛ ስለ ገባ ገላጋዮቹም በዚያው ገብተው ማን ማንን እንደ ሰደበ ማየት፥ ወዲያውም ለሁለቱም ወገን በየብቻቸው መደወል ጀመሩ። በዚህ ሥራ ጥበቡ ለዛሬ ፍርድ መስጠት አይደለም፤ ጊዜ መግዛት ነው። «ልክ ነህ ወይም ልክ አይደለህም አልልህም፤ ዛሬ ማታ ብቻ እለፍልኝ፤ ነገ በጠዋት እንነጋገራለን» ይላሉ። ቍጣ እንደ ንዳድ ትኩሳት ነውና አንድ ሌሊት ካለፈ ብዙ ጊዜ ይበርዳል።

በኒው ዮርክ ከተማም እንዲሁ ሆነ። በ2020 በሜይ ወር ፖሊስ ተራራቁ የሚለውን ደንብ ሲያስከብር በጥቁሮችና ከላቲን አሜሪካ በመጡ ሰዎች ላይ ይበልጥ ይከብዳል የሚል አቤቱታ በተነሣ ጊዜ፥ የከተማው መስተዳድር እነዚህኑ ገላጋዮች ሕዝቡን እንዲመክሩና መሸፈኛ እንዲያድሉ ወደ መንገድ አወጣቸው። ሰው ከታጠቀ መኰንን ይልቅ ስሙን ከሚያውቀው ጎረቤት ምክርን መቀበል ይቀለዋልና።

ዳሩ ግን ሁሉ ተቻለ አንልም። ስልክ ድምፅን ያመጣል እንጂ የእጅን መንቀጥቀጥ አያሳይም። በሐኪም ቤት ከቍስለኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ቤተ ሰቡን ያረጋጉ የነበሩት ገላጋዮች በብዙ ቦታ ከደጅ ቀሩ። ይህ ደግሞ ትልቅ ጉዳት ነበር፤ ደም የመመለስ ምክር ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከቍስለኛው አልጋ አጠገብ ነውና።

የ2020 በጋ

በሜይ 25 ቀን 2020 በሚኒያፖሊስ ከተማ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለው ጥቁር ሰው በአንድ ፖሊስ ጕልበት ሥር አንገቱ ታፍኖ ተገደለ። አገሩም በሙሉ በቍጣ ተነሣ፤ ሕዝብ በፖሊስ ላይ የነበረው እምነት ይበልጥ ተናጋ። በሜይ 31 ቀን፥ የቺካጎ ፖሊስ በየስፍራው በተነሣው ሁከት ተይዞ ሳለ፥ በከተማዋ በ24 ሰዓት ውስጥ 18 ሰዎች ተገደሉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ከ1961 ጀምሮ በያዙት መዝገብ ውስጥ እንደዚያ ያለ ቀን አልተገኘም። በዚያች ቀን ስንት ገላጋይ ስንት ስልክ እንዳነሣና የትኛው ጥይት በስልኩ ምክንያት ሳይተኰስ እንደ ቀረ የሚናገር መዝገብ ግን የለም። የገላጋይ ሥራ ጠባይ ይህ ነው፤ ያልሆነ ነገር አይቈጠርም።

ዓመቱ ሲያልቅ በቺካጎ 770 ያህል ሰው ተገድሎ ተገኘ፤ በፊተኛው ዓመት 500 ያህል ነበር። በመላው አሜሪካም የግድያው ቍጥር በ2019 ከነበረው 16 ሺህ 700 ያህል በ2020 ወደ 21 ሺህ 600 ያህል ከፍ አለ፤ ይህም ከመቶ 30 ያህል ጭማሪ ነው። አገሩ መዝገብ መያዝ ከጀመረ ወዲህ በአንድ ዓመት እንደዚህ የጨመረበት ጊዜ የለም። ከአራቱ ግድያ ሦስቱ ያህል በጦር መሣሪያ የተደረገ ነበር። በዚያው ዓመት የጦር መሣሪያ የሚገዛው ሰው ብዛት ከቀደሙት ዓመታት ሁሉ በለጠ። ሊቃውንቱ ስለ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዱ ወረርሽኙን፥ አንዱ በፖሊስ አለመታመንን፥ አንዱ የመሣሪያውን ብዛት ያስቀድማል፤ እኛ ግን ሦስቱም በአንድ ቤት ውስጥ ሊገናኙ እንደሚችሉ ከላይ በምሳሌያችን ያየን ይመስለናል።

ሥራው ሠሪዎቹንም በላ። ባልቲሞር በምትባለው ከተማ «ሴፍ ስትሪትስ» የተባለው የገላጋዮች ማኅበር ከ2007 ጀምሮ ይሠራል። በዚህ ሥራ በከተማው ሁሉ ዘንድ የታወቁት ዳንቴ ባርክስዴል በጃንዋሪ 2021 በጥይት ተገደሉ። ከእርሳቸውም በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላ ወይም እንደ ሞላ ሌሎች ሁለት የዚያው ማኅበር ሠራተኞች ተገደሉ። ማኅበሩ ግን ሥራውን አልተወም።

ድካሙ ከንቱ ነበርን?

አንባቢ «ግድያው ይህን ያህል ከበዛ የገላጋዮቹ ድካም ምን ጠቀመ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። እኛም ያለ አድልዎ ልንመልስ እንወዳለን። ስለዚህ ሥራ የተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ አንድ ዐይነት መልስ አልሰጡም፤ በአንዳንድ ሰፈር ተኩስ ጐልቶ ቀነሰ፥ በአንዳንድ ሰፈር ለውጥ አልታየም። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2023 ባወጡት ምርመራ፥ ማኅበሩ ብዙ ዘመን በቈየባቸው አምስት ሰፈሮች በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ግድያ በአማካይ ከመቶ 32 ያህል እንደ ቀነሰ ተገኘ። «ብዙ ዘመን በቈየባቸው» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ገላጋይ ዛሬ ተቀጥሮ ነገ የሚታመን አይደለም።

የቺካጎም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በ2015 የግዛቱ በጀት በክርክር ምክንያት በቆመ ጊዜ የገላጋዮቹ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ተዘጉ። በሚከተለው በ2016 የተገደሉት ሰዎች ከ750 በለጡ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብለን አንፈርድም፤ ነገር ግን የተበተነ እምነት በአንድ ወር እንደማይሰበሰብ ግልጽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ማኅበራት ተነሥተው ሰዎቹን እንደ ገና ሰብስበው ስለ ነበረ ወረርሽኙ ሲመጣ የሚያንኳኳ ሰው ተገኘ። ግድያውም በ2021 ወደ 800 ከደረሰ በኋላ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ በ2024 ወደ 573 ወረደ። ይህም የገላጋዮች ብቻ ሥራ ሳይሆን ትምህርት ቤትና ሥራ እንደ ገና መከፈታቸው፥ የፖሊስም ድካም የረዳው ነው።

የገንዘቡ ነገር ግን እንደ ባሕር ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ነው። በ2022 የአሜሪካ ምክር ቤት ለዚህ ሥራ በአምስት ዓመት የሚከፈል 250 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ በአፕሪል 2025 ደግሞ የፌዴራሉ የፍርድ ሚኒስቴር ለእንዲህ ያሉ ማኅበራት ከሰጠው ርዳታ ብዙውን ሰረዘ። ወረርሽኝ ባለፈ ጊዜ ሐኪም የሚረሳ አገር፥ ጠብ በበረደ ጊዜም ገላጋይ ይረሳል።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ ነገር ለቤታችን የምናተርፈው ምንድር ነው?

1ኛ፤ ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ጠብ አያገኘውም ብለን አንታለል። በቤት ተቀምጦ በስልክ የሚሰደብ ልጅ በመንገድ ከሚሰደበው ይልቅ ይጐዳል፤ ስድቡን ሰው ሁሉ ያየዋል፥ ገላጋይ ግን አያየውም። ስለዚህ የልጃችንን ዝምታ እንደ ጨዋነት ብቻ አንቍጠረው፤ እንጠይቀው።

2ኛ፤ በኀዘን ሌሊት ቤት ባዶ አይሁን። በሽታ ቢከለክለን እንኳ በደጅ ርቀን እንቁም፤ በመስኮት እንነጋገር፤ በስልክ እስኪነጋ እንቈይ። ያቺን አንዲት ሌሊት ማሳለፍ የብዙ ዓመት ቂም ማስቀረት ነው።

3ኛ፤ የጦር መሣሪያ ባለበት ቤት ቍጣ የገባ ዕለት መሣሪያው ይውጣ፤ ከታመነ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ይህን ለማድረግ የሚያፍር አባት ከዚያ የሚከፋ ኀፍረት እንዳለ ያስብ።

4ኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው፥ ክፉ ቀን ሳይመጣ ጎረቤትን ማወቅ ነው። የቺካጎ እናቶች በማዕዘን ላይ ወንበር የዘረጉት ምግብ ስለ ተረፋቸው አይደለም፤ የልጆቹን ስም ለማወቅ ነው። ገላጋዮቹም በ2020 ደጅ የተከፈተላቸው መሸፈኛ ስለ ያዙ ብቻ አይደለም፤ ከወረርሽኙ በፊት በየልቅሶው ቤት ተቀምጠው ስለ ነበረ ነው። ርቆ የቆመ ሰው ሊያስታርቅ የሚችለው አስቀድሞ ቀርቦ የነበረ ከሆነ ነው፤ በጽሑፋችን መጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ እኛ ያገኘነው መልስ ይህ ነው።

በአገራችን ሽማግሌ የሚከበረው ነገር ስለሚያውቅ ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ወገን አባት፥ የሁለቱንም ወገን ልቅሶና ሠርግ ስለሚያውቅ ነው። ይህን ሀብት ያለው ሕዝብ እንዳያባክነው ይገባዋል። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ዛሬ ሰላም ሳለ፥ በሽታም ሳይኖር፥ የጎረቤታችሁን ደጅ አንኳኩ፤ የልጆቹንም ስም ጠይቁ። ክፉ ቀን የመጣ እንደ ሆነ በዚያ ደጅ ፊት ርቃችሁ ብትቆሙ እንኳ ድምፃችሁ የሚታወቅ ይሆናል።